ባትሪን የሚገድለው ራብ ብቻ አይደለም

በዚህ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ሌላው ሰው ስሕተት ነው። ዛሬ ግን ተራው የእኔ ስለ ሆነ ስለ ራሴ እጽፋለሁ። ጥፋቴ ሕግ የሚጠይቀው አይደለም፤ ስለ አንድ የእጅ ስልክ ባትሪ የሰጠሁት ምክር ነው። ይሁን እንጂ ያ ምክር አንዲትን እናት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስለ ነሣቸው፣ ልጃቸውንም በሰው አገር ስላስለቀሰ፣ ቀላል ነገር ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የምትደውለው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ማታ ሲሆን፣ ያውም አሠሪዎቿ ስልኳን ለጥቂት ጊዜ ሲመልሱላት ነው። እንግዲህ እትዬ ስልካቸውን እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁት አንባቢ ሊገምት ይችላል። ቀንም ሌሊትም ከሶኬቱ አይነቀልም። ቀን በነጠላ ተሸፍኖ ከሣጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሊት ደግሞ ሌባ እንዳይወስደው ገመዱ እንደ ተሰካ ከትራሳቸው ሥር ይገባል።

አንድ ቀን ቡና ተጠርቼ ስገባ ይህን አየሁ። አየሁና የመምህርነት ዐመሌ ተነሣብኝ።

«እትዬ፣ ስልኩ እንዲህ ተሰክቶ ከዋለ ባትሪው ይበላሽብዎታል» አልኳቸው። «ጥርግ ብሎ እስኪያልቅ ይተዉት። ራሱ ሲጠፋ ይሰኩት፤ ከተሰካም በኋላ እስኪሞላ ድረስ አይንቀሉት።»

«አንተ የተማርክ ነህ ልጄ፤ እንዳልከው ይሁን» አሉኝ።

እንዳልኩትም አደረጉ። ሦስት ሳምንት በደኅና ዐለፈ። በአራተኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ 9 በመቶ ደርሶ ነበር። እትዬ ሊሰኩት አሰቡና ቃሌን አስታውሰው ተዉት፤ ጥርግ ብሎ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጠፋ። ወዲያው ቢሰኩት ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ እስከ እኩለ ሌሊትም አልመጣም። ልጅቷ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ደግማ ብትደውል ዝግ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ስታገኛቸው የመጀመሪያ ቃሏ «እማዬ፣ በሕይወት አለሽ?» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ስልኩን መልሰው ከትራሳቸው ሥር ሰኩት። እኔም በምን አፌ እናገራለሁ!

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እፍረቴን ይዤ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩን ሳየው በላስቲክ ታስሯል። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ጀርባው ተነሣብኝ፤ ሙጫው ለቆ ነው መሰለኝ» አሉኝ። ላስቲኩን ፈትቼ ባየው ሙጫው አልነበረም፤ ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ ክዳኑን ከውስጥ ገፍቶታል። እርሳቸው በዚያ ላይ ራሳቸውን አኑረው ይተኙ ነበር!

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ሰባት ምዕራፍ በቃሌ እወጣለሁ። ኪሴ ውስጥ ስላለው ባትሪ ግን የማውቀው አጎቴ የነገረኝን ብቻ መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ቀን ነው።

አጎቴም ቢሆን አልዋሸኝም። ምክሩ ለሌላ ባትሪ የተሰጠ ምክር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ በእጅ ስልኮችና በሬዲዮኖች ውስጥ የነበረው ባትሪ በኒኬልና በካድሚየም የተሠራ ነበር፤ ይህንንም ዋልደማር ዩንግነር የተባለ የስዊድን ሰው በ1899 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው። ያ ባትሪ ግማሽ ላይ ሳለ ደጋግመው ከሞሉት ግማሹን ልማድ ያደርግና ከዚያ በታች መስጠት እንቢ ይላል ይባልለት ነበር። ስለዚህ አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ ማራገፍ ጥሩ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ዘመድ ያለው ደግሞ ሌላ ምክር ሰምቶ ይሆናል፤ የመኪና ባትሪ ከእርሳስና ከአሲድ ስለሚሠራ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ይወዳል፤ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። እንግዲህ እኔ የአንደኛውን ባትሪ ሕግ ስመክር፣ እትዬ የሁለተኛውን ሲፈጽሙ፣ በእጃችን ያለው ግን ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ፍጥረት ነበር።

ይህ ሦስተኛው የሊቲየም አዮን ባትሪ ይባላል። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ መሠረቱን ጣለ፤ ጆን ጉድኢናፍ በ1980 እ.ኤ.አ. በኮባልት አሻሻለው፤ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚሆን አድርጎ ሠራው፤ ሶኒ የተባለው ኩባንያም በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። በአጋጣሚ የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባውም በ1991 ነው፤ ልዩነቱ የእኛው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ሦስቱ ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ሽልማቱን ካገኙት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጣቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። (ተማሪዎቼ «አርጅተናል፤ ትምህርት አይገባንም» ሲሉኝ የምጠቅሰው እርሳቸውን ነው።)

አሠራሩን በታክሲ ላስረዳ። በባትሪው ውስጥ ሁለት ፌርማታ አለ እንበል፤ አንደኛው ግራፋይት ነው፤ ይኸውም እርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ ሁለተኛው ኮባልትን የመሰለ ብረት ያለበት ነው። ተሳፋሪዎቹ የሊቲየም አዮኖች ናቸው። ስልኩን ስንሰካ ተሳፋሪዎቹ ተገፍተው ወደ ግራፋይቱ ይሄዳሉ፤ ስንጠቀምበት ተመልሰው ይመጣሉ። ታክሲው ባዶ ሳለ መግባት ቀላል ነው። ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ ሲጭን ግፊያ ይሆናል፤ ወንበሩም ይጎብጣል፤ በሩም ይላላል። ስልክዎ ከ80 በመቶ በኋላ ለመሙላት የሚዘገየው ለዚህ ነው። ሲሞላ የባትሪው ግፊት 4.2 ቮልት ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በዚህ ግፊት ብዙ ሰዓት ሲቆይም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ከመበላሸቱም ጋዝ ይወጣል። የእትዬን ስልክ ያሳበጠው ይኸው ጋዝ ነው።

ባዶ መሆኑም አይበጀውም። ስልኩ 0 ብሎ ሲጠፋ እንኳ ራሱን ለመጠበቅ ጥቂት አስቀርቶ ነው፤ ያ ጥቂት ግን በሣጥን ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ያልቅና ባትሪው ከዚያ ወዲያ አልነሣም ይላል። ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡት ስልክ ካለዎት ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ማስተካከል አለብኝ። «ሌሊቱን ተሰክቶ ካደረ ከልክ በላይ ይሞላና ይፈነዳል» የሚሉ አሉ። ደኅና ሆኖ የተሠራ ስልክ 100 ሲደርስ መቀበሉን ራሱ ያቆማል፤ ስለዚህ ከልክ በላይ አይሞላም። ጉዳቱ በጥጋቡ ላይ ተቀምጦ ማደሩ ነው፤ ከዚያም ይልቅ ሙቀቱ ነው።

ስለ ሙቀት ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢይዝ እወዳለሁ። የአይፎን ሠሪዎች ስልካቸው ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ስፍራ እንዳይቆይ ያስጠነቅቃሉ፤ ባትሪው የሚያጣው ዐቅም ተመልሶ አይመጣምና። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ደጋው ራሱ ባትሪያችንን ይጠብቅልናል። ድሬዳዋና ሰመራ ያለው ወገናችን ግን የቀትሩ አየር ብቻውን ከዚያ ሊያልፍበት ይችላል። ዱባይና ኩዌት ያለው ደግሞ ስልኩን በቆመ መኪና ውስጥ ከመስተዋቱ ሥር ከተወው እንደ ጠበሰው ይቁጠረው። የሚገርመው ግን በደጋም ሆነን ቆላን በእጃችን መሥራታችን ነው፤ ሲሞላ የሚሞቀውን ስልክ በነጠላ እንሸፍነዋለን፤ ከትራስ ሥር እንከተዋለን፤ ወፍራም ልባስ አልብሰን ፀሓይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሲሰኩት በጠረጴዛ ላይ፣ አየር በሚያገኘው ስፍራ ያኑሩት፤ ሲግል ከተሰማዎትም ልባሱን ያውልቁለት። ተሰክቶ ሳለ ቪዲዮ ማየትና ጨዋታ መጫወትም እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው። በሚኒሶታና በቶሮንቶ የምትኖሩ አንባብያን ግን የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች በበረደ ስልክ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ባትሪውን ከውስጥ ይጎዳዋልና መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ።

ወደ እትዬ ስልክ ልመለስ። ላስቲኩን ፈትቼ፣ ስልኩን አጥፍቼ፣ እንደ ዕንቁላል ይዤ ወደ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ሄድኩ። ያበጠ ባትሪ ያለው አንባቢ ቢኖር እንዲህ ያድርግ፤ አይጫነው፤ አይብሳው፤ ደግሞም አይሰካው፤ ከቆሻሻ ጋርም አይጣለው። ከተበሳ ሊነድ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ ኩባንያ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው መቃጠል ምክንያት 2.5 ሚሊዮን ያህል ለመሰብሰብ ተገዶ፣ በኋላም ሥራውን ጨርሶ አቁሞታል። ያን ያህል ሀብትና ሊቅ ያለው ኩባንያ ያልቻለውን እሳት እኛ በላስቲክ አስረን እናቆመዋለን ማለት ዘበት ነው።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ስልኩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ «ይህ አርጅቷል፤ ይጣልና አዲስ ይገዛ» አለኝ፤ ዐይኑም በመስተዋት ሣጥኑ ውስጥ ወደ ደረደራቸው አዳዲስ ስልኮች ሄደ። የአንድ ወር ደመወዜ የማይበቃውን ዋጋ ነገረኝ። እኔ እንኳ እሺ ብል እትዬ እሺ አይሉም፤ የልጃቸው ድምፅና ፎቶግራፍ ያለው በዚያው ስልክ ውስጥ ነው።

ተክዤ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ካለች ጠባብ ሱቅ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በእኔ ትምህርት ከጎበዞቹ አንዱ አልነበረም። ስልኩን ገልብጦ አየና ሳቀ። «ቲቸር፣ ስልኩ ምን አለው? ባትሪው ነው እንጂ!» ቀጭን ፕላስቲክ አምጥቶ፣ ብረት ሳያስነካ፣ ያበጠውን ባትሪ ቀስ አድርጎ አላቀቀውና አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያም ሁለት አዲስ ባትሪ አወጣ፤ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ውድ። የርካሹን ቁጥር ሳነብ ከውዱ የበለጠ ዐቅም አለው ይላል። «በላዩ መጻፍ ነፃ ነው ቲቸር» አለኝ፤ በሚዛንም አስቀምጦ ርካሹ ቀላል መሆኑን አሳየኝ። ውዱን አስገባን። ዋጋው የአዲሱን ስልክ ዐሥረኛ እጅ እንኳ አልሞላም።

ይህን የምተርከው ብዙ ሰው ባትሪው ሲያረጅ ስልኩ ያረጀ ስለሚመስለው ነው። ባትሪ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ በተራመዱ ቁጥር ያልቃል፤ ሶሉ ሲያልቅ እግርዎን አይቆርጡም። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. አፕል ኩባንያ ባትሪያቸው የደከመ የቆዩ አይፎኖችን ድንገት እንዳይጠፉ ብሎ ፍጥነታቸውን ቀንሶ እንደ ነበረ አመነ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ባለቤቶቹ ስልካችን አርጅቷል ብለው አዲስ ገዝተው ነበርና። ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ ባትሪ የመለወጫውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። ባትሪያቸውን ያስለወጡት ስልካቸው እንደ ቀድሞው ሲሮጥ አዩት።

ሶሉ ስንት እርምጃ ይሄዳል ቢሉኝ፣ በዙር ይቆጠራል። አንድ ዙር ማለት 100 በመቶ መጠቀም ነው፤ ዛሬ 50፣ ነገ 50 ቢጠቀሙ ሁለቱ ቀን አንድ ዙር ይሆናል። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት ስልኮቹ ባትሪው ከ500 ዙር በኋላ 80 በመቶ ዐቅሙን እንዲይዝ አድርጎ እንደ ሠራው፣ ለአይፎን 15 ጀምሮ ግን 1,000 ዙር እንደ ሆነ ይናገራል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሮቹ የሚሸጥ አዲስ ስማርትፎን ቢያንስ 800 ዙር እንዲችል በሕግ ደንግጓል። በየቀኑ አንድ ዙር የሚፈጅ ሰው 500ውን በአንድ ዓመት ከአራት ወር ተኩል ይጨርሳል። ስለዚህ ባትሪው በሁለተኛው ዓመት ቢደክም ሻጩ አታለለኝ ብለው አይጣሉ፤ ምናልባት ቁጥሩ ደርሶ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ዘወትር ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ማቆየት ለባትሪው የተመቸ ኑሮ ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች 80 ሲደርስ እንዲያቆሙ የሚታዘዙበት ስፍራ በሴቲንግ ውስጥ አላቸው፤ ፈልገው ያብሩት። ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መሰካት አይጎዳም፤ ይህን ባውቅ ኖሮ እትዬን ያን ዓርብ አላስጠብቃቸውም ነበር።

ነገር ግን ይህን ሕግ መብራት የማይጠፋበት አገር ሰው እንደሚይዘው አድርጌ ልይዝ አልችልም። እኛ ዘንድ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም፤ ገንዘባችን እንኳ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ስልካችን ውስጥ ገብቷል። መንገድ የሚሄድ፣ የታመመ የሚያስታምም፣ የሚጠብቀው ጥሪ ያለው ሰው 100 ይሙላ፤ ያለ አንዳች ጸጸት ይሙላ። ባትሪው ለባለቤቱ ተሠራ እንጂ ባለቤቱ ለባትሪው አልተሠራም። በ80 ላይ ቆሞ በጨለማ ስልኩ የጠፋበት ሰው ባትሪውን አዳነ፤ ጥሪውን ግን አጣ። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ በኩል ስለ በደልኩ ሁለተኛ አልበድልም።

ስለ ቻርጀሩም ጥቂት። በጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ፤ ደኅናው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም ይቅር። መብራት ሲሄድ ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ኀይሉ ዘለል ሊል ስለሚችል እስኪረጋ ጥቂት ታግሠው ይሰኩት።

አሁን በግቢያችን ያለው ሥርዐት ይህ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ስልኩ ቀን ቀን በጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ነጠላ፣ ጥቂት ጥቂት ይሰካል፤ ሌሊት ተነቅሎ ከሣጥኑ ላይ ያድራል። ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን 100 እስኪሞላ ይሰካል፤ 11 ሰዓት ላይ እትዬ በበሬ በኩል ብቅ ብለው «መምህር፣ ሞላልህ ወይ እይልኝ» ይሉኛል። ትንሽ ፓወር ባንክም ገዝቼ አጠገቡ አኑሬያለሁ፤ የጥፋቴ ካሣ ነው።

ባለፈው ዓርብ ጥሪው የመጣው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነበር። እናትና ልጅ አርባ ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። በመጨረሻም ልጅቷ ሰላምታ ላከችልኝ፤ ከሰላምታውም ጋር «ያ መምህር አሁንም ምክር ይሰጣል ወይ?» ብላ ጠየቀች። እትዬም ወደ እኔ እያዩ፣ «ይሰጣል፤ አሁን ግን መጀመሪያ ተማሪውን ይጠይቃል» አሏት።